ክላውዱ ሲሰበር መረጃችሁ እንዳይሰበር፦ ለባሕር ዳር አነስተኛ ቢሮዎች ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የኮምፒውተር ባለሙያ ላልቀጠረ ቢሮ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ጣና ዳር ያለ ባለ 20 ክፍል ሎጅ እናስብ። የክፍል ማስያዣው ሲስተም የሚሠራው በአማዞን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የሩቅ ኮምፒውተር) ላይ በተከራየ ሰርቨር ነው። የእንግዶች ፓስፖርት ስካን፣ የሠራተኞች ደመወዝ፣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱ ጀልባዎች ምዝገባ፣ የዓመታት ፎቶ፣ ሁሉም ተደምሮ 200 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ሲስተሙን የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል። አካውንቱ የተከፈተው በእሱ ጂሜይል ነው፤ ወርሃዊው ክፍያ ደግሞ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ካርድ ላይ ይቆረጣል። ክሊኒክም ሁኑ፣ ትምህርት ቤት ወይም የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፣ እዚህ ውስጥ ራሳችሁን ሳታገኙት አትቀሩም።

የምንጠቅሳቸው ሴቲንጎች የአማዞን ናቸው። ማይክሮሶፍት ወይም ጉግል ላይ ያላችሁ ስሙ ቢለያይም ተመጣጣኙን ታገኛላችሁ። ጊዜ ካጠራችሁ ደረጃ 1ን እና ደረጃ 5ን ብቻ ሥሩ፤ ሌላው ቢቀር እነዚህ ሁለቱ አይቅሩ።

የት የት ይሰበራል

ክላውድ መከራየት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል እንደ መከራየት ነው። አጥሩ፣ የግቢው በር፣ ዘበኛውና መብራቱ የአከራዩ ናቸው፤ የክፍሉ ጓጉንቸር የተከራዩ። ውሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ትልልቆቹን አደጋዎች ስናይ ግን አንዳንዱ የገባው በጓጉንቸሩ፣ አንዳንዱ በራሱ በአከራዩ ቁልፍ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሌባ ሳይኖር ግቢው ራሱ ተቃጥሏል። መከላከያቸው አንድ ስላልሆነ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

በጓጉንቸሩ በኩል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ አማዞን ላይ ያስቀመጠው የ100 ሚሊዮን ገደማ አሜሪካውያንና የ6 ሚሊዮን ገደማ ካናዳውያን መረጃ ወጣ። በደንብ ያልተስተካከለ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣውን የሚያጣራ መከላከያ) ከውጭ የመጣ ጥያቄ ተቀብሎ 169.254.169.254 ወደተባለው የውስጥ አድራሻ አሻገረው። ይህ አድራሻ ማንኛውም የአማዞን ሰርቨር ጊዜያዊ ቁልፉን የሚቀበልበት መስኮት ነው። ሰርቨሩ ቁልፉን ተቀብሎ ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ሰጠ፤ ቁልፉም ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ክፍል ይከፍት ነበር። ባንኩ በ2020 80 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

በ2024 ደግሞ ስኖውፍሌክ የተባለው የዳታ ክላውድ ደንበኞች የሆኑ 165 ገደማ ድርጅቶች ለስርቆት ተጋለጡ። የስኖውፍሌክን ግድግዳ የነካ የለም። በሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ፓስወርድ የሚለቅም ቫይረስ አስቀድሞ የሰበሰበው ፓስወርድ ብቻ በቂ ሆነ። ከ2020 ጀምሮ ያልተቀየረም ነበረበት። ሁለተኛ ማረጋገጫም (ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቅ ኮድ) አልተደረገባቸውም።

በአከራዩ ቁልፍ፦ በ2023 ከቻይና ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ሰርጎ ገቦች ማይክሮሶፍት በ2016 ያወጣውን አንድ የመፈረሚያ ቁልፍ አገኙ። ቁልፉ ለግለሰቦች አካውንት የተሠራ ቢሆንም በስሕተት የመሥሪያ ቤቶችንም ኢሜይል ይከፍት ነበር። በሱ የመግቢያ ማረጋገጫ እያተሙ ገቡ፤ ከአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብቻ 60,000 ገደማ ኢሜይል ወሰዱ። እዚህ ላይ የተጠቂው ፓስወርድ ርዝመት ምንም አላዋጣም፤ የታተመ ማረጋገጫ የያዘ ሰው ፓስወርድ አይጠየቅምና። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት ቦርድ በ2024 ባወጣው ሪፖርት አደጋው ሊቀር ይችል ነበር ብሏል።

ግቢው ራሱ፦ መጋቢት 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ ያለው ኦ.ቪ.ኤች. የተባለው የክላውድ አከራይ የሰርቨር ሕንፃ ተቃጠለ። ባክአፓቸውን እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጡ። በግንቦት 2024 ደግሞ ከ600,000 በላይ አባላት ያሉት የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር፣ ጉግል ላይ የነበረው የግል ክላውዱ ተሰረዘበት። ምክንያቱ ሲስተሙ ሲዘረጋ በጉግል በኩል አንድ ቦታ ሳይሞላ መቅረቱ ነው፤ ያልተሞላው ቦታ «አንድ ዓመት» ተብሎ ተተረጎመ፣ ዓመቱ ሲሞላም ማንም ሳይጠየቅ ተሰረዘ። ፈንዱ ሌላ ድርጅት ዘንድም ቅጂ ነበረው።

ደረጃ 1፦ አካውንቱን የራሳችሁ አድርጉ

በእኛ አካባቢ መረጃ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በሰርጎ ገብ አይደለም። ካርዱ ጊዜው ያልፍበታል፣ ማስጠንቀቂያው ማንም በማያየው ጂሜይል ይገባል፣ አካውንቱ ይታገዳል። አማዞን የተዘጋን አካውንት ይዘት የሚያቆየው 90 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ልመናም አይሠራም።

አንድ ወረቀት አውጡና አምስት ነገር ጻፉበት፦ ዋናው አካውንት የተከፈተበት ኢሜይል፣ የተመዘገበው ስልክ ቁጥርና ሲሙ በማን ስም እንደወጣ፣ ካርዱ የማን እንደሆነና የሚያበቃበት ወር፣ የድረ ገጹ ስም የተመዘገበበት ድርጅት፣ እነዚህን የሚያውቁ ሰዎች። አንዱን እንኳ መሙላት ካልቻላችሁ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

ከዚያ የዋናውን አካውንት ኢሜይል ወደ ቢሮው ኢሜይል ቀይሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ኢሜይሉ የሚሠራበት የድረ ገጽ ስም ያው አካውንት ውስጥ የተመዘገበ መሆኑን አለማየቱ ነው። አካውንቱ ሲታገድ ኢሜይሉም አብሮ ይቆማል፤ ማስከፈቻው ደብዳቤ የሚላከው ደግሞ ወደዚያው ኢሜይል ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ አስቀምጦ በሩን ከውጭ እንደ መቆለፍ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል፣ ከአካውንቱ ጋር የማይነካካ ኢሜይል ያዙ።

ሁለተኛ ማረጋገጫ አስገቡ። በኤስ.ኤም.ኤስ ከሚመጣ ኮድ ይልቅ ስልክ ላይ የሚጫን የኮድ አፕ ይሻላል፤ ሲሙ በሠራተኛው ስም ከወጣ ሠራተኛው ሲለቅ ኮዱም አብሮ ይለቃል። አማዞን ለአንድ አካውንት እስከ 8 መሣሪያ ይፈቅዳል፤ እናንተ ሁለት ስልክ ላይ ጫኑት፣ የባለቤቱና የሒሳብ ሹሟ። የኢሜይሉን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት አትማችሁ በላስቲክ አሽጉና ካዝና ውስጥ አስቀምጡ። ሐይቁ ዳር ያለ ቢሮ ወረቀትን በእርጥበት ያበላሻል፣ ላስቲኩን አትርሱ።

አንድ እዚህ አገር ብቻ የሚያጋጥም ነገር አለ። የስልካቸውን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ለማየት ሲሉ በእጅ 6 ሰዓት የሚቀይሩ ብዙ ናቸው። የኮድ አፑ ኮዱን የሚያሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስልክ የሚወጣው ኮድ ሁልጊዜ «ስሕተት» ይባላል። ሰዓቱን «አውቶማቲክ» አድርጉት፤ የሐበሻውን ሰዓት በሌላ አፕ አሳዩት። ለኮምፒውተርም ያው ነው፦ ሰዓቱ ከ15 ደቂቃ በላይ ከዞረ አማዞን ጥያቄውን አይቀበልም። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ አሮጌ ዴስክቶፕ ካላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ።

በመጨረሻም በዋናው አካውንት የዕለት ሥራ አትሥሩ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይከፈትለት፤ የዋናው አካውንት የፕሮግራም ቁልፍ ካለው ይሰረዝ።

ደረጃ 2፦ የተበተኑትን ቁልፎች ሰብስቡ

ቁልፍ የምንለው ፕሮግራም ያለ ሰው እጅ ወደ ክላውዱ የሚገባበትን ረጅም የፊደልና ቁጥር ድርድር ነው። የአማዞን ቋሚ ቁልፎች መታወቂያ «ኤ-ኬ-አይ-ኤ» በሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። እነዚህን አራት ፊደላት በሲስተሙ ኮድ ውስጥ፣ በኢሜይል፣ በተለይ ደግሞ በቴሌግራም ፈልጉ። እዚህ ቁልፍ የሚተላለፈው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ሥራ የለቀቀ ሰው ሁሉ አለ። ኮዱ ጊት (የኮድ ለውጦችን እየመዘገበ የሚያቆይ ፕሮግራም) ላይ ከሆነ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፣ የቀድሞው ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል። ኡበር በ2016 የ57 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ያጣው ባለሙያዎቹ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ባስቀመጡት ኮድ ውስጥ በተገኘ የአማዞን ቁልፍ ነው፤ ማከማቻው ለሕዝብ ክፍት እንኳ አልነበረም።

ቁልፍ የሚቀየረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ አዲሱን ፍጠሩ (ለአንድ ተጠቃሚ ሁለት ቁልፍ ይፈቀዳል፣ ሁለት ካለው አንዱን አስቀድሞ ማጥፋት ግድ ነው)፤ ሲስተሙን ወደ አዲሱ አዛውሩ፤ አሮጌውን «አቦዝኑ» እንጂ ወዲያው አትሰርዙ፤ 7 ቀን ጠብቁና «መጨረሻ ጥቅም ላይ የዋለበት» የሚለውን ቀን ተመልከቱ፤ ካልተንቀሳቀሰ ሰርዙ። ሰባት ቀን የምንለው በሳምንት አንዴ ብቻ የሚነሣ የተረሳ ሥራ ሊኖር ስለሚችል ነው። ቸኩለው የሰረዙ ሰዎች እሑድ ማታ ሪፖርቱ ሲቀር ነው የሚያውቁት። ቁልፉ ሾልኳል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን መጠበቅ የለም፤ ሪፖርቱ ይቅር።

ሰርቨሩ ላይ ጭራሽ ቋሚ ቁልፍ ባታስቀምጡ ይመረጣል፤ በምትኩ ሰርቨሩ በየሰዓታቱ የሚታደስ ጊዜያዊ ቁልፍ በ«ሮል» (ለሰርቨሩ በሚሰጥ የፈቃድ ዝርዝር) እንዲያገኝ ይደረጋል። ይህም ወደ ካፒታል ዋኑ መስኮት ይመልሰናል።

ደረጃ 3፦ መስኮቱንና ሣጥኖቹን ዝጉ

አማዞን ከአደጋው በኋላ፣ በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ.፣ የዚያን መስኮት ሁለተኛ ትውልድ አወጣ። በአዲሱ አሠራር ቁልፍ ጠያቂው መጀመሪያ ቶከን (ጊዜያዊ የይለፍ ምልክት) መቀበል አለበት፤ ተራ የተሻገረ ጥያቄ ይህን ማድረግ አይችልም። ቀድሞ የተከፈተ ሰርቨር ግን አሮጌውንም እየተቀበለ ይሆናል። የሰርቨሩን የ«ሜታዳታ» ሴቲንግ ክፈቱና ቶከንን «ግዴታ» አድርጉ፤ የዝላይ ገደቡን (መልሱ ስንት ኔትወርክ መሻገር እንደሚችል) 1 አድርጉ፣ ሲስተማችሁ በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ የሚሠራ ከሆነ 2። ከመቀየራችሁ በፊት በክላውድዋች (የአማዞን መለኪያ ገጽ) ላይ ያለ ቶከን የሚመጡ ጥያቄዎችን ቆጣሪ ለሁለት ሳምንት ተመልከቱ። ዜሮ ካልሆነ አሮጌ ፕሮግራም አለ ማለት ነው፤ እሱን ሳታድሱ ከዘጋችሁ ሲስተሙ ይቆማል።

ፋይል የሚቀመጥባቸው ሣጥኖች «ባኬት» ይባላሉ። «የሕዝብ መዳረሻን ዝጋ» የሚለውን በአካውንት ደረጃ፣ አራቱንም ምልክቶች አብሩ። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈጠሩ ባኬቶች ተዘግተው ነው የሚወለዱት፤ የሚያሠጉት ከዚያ በፊት የተፈጠሩት ናቸው። የሎጁ ድረ ገጽ ፎቶዎችና የፓስፖርት ስካኖች አንድ ባኬት ውስጥ ከሆኑ መጀመሪያ ለዩአቸው፣ አለዚያ ስትዘጉ የድረ ገጹ ፎቶዎች ይጠፋሉ፤ ያን ያየ ሰው ደግሞ «ተበላሸ» ብሎ መልሶ ይከፍተዋል። ባኬት ክፍት ሆኖ ከሚቀርባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

አንድን ፋይል ለሰው ማሳየት ሲያስፈልግ በ15 ደቂቃ የሚሞት ሊንክ ስጡ። በማይክሮሶፍት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች በጊትሃብ ላይ የለጠፉት አንድ ሊንክ የሚያበቃበት ቀን 2051 ተብሎ ነበር፤ ደግሞም የታሰበውን ፋይል ብቻ ሳይሆን 38 ቴራባይት የውስጥ መረጃ ይከፍት ነበር። የታወቀው በ2023 ነው። ኩባንያው ትልቅ መሆኑ ሊንኩን አላሳጠረውም።

የፓስፖርት ስካንን በተመለከተ ከሁሉ የሚሻለው አለማከማቸት ነው። ሕግ የሚያስገድዳችሁን ጊዜ ጠብቁ፣ ከዚያ በባኬቱ ላይ በራሱ የሚሰርዝ ደንብ አብሩ። የሌለ ፋይል አይሰረቅም።

ደረጃ 4፦ የመዝገብ ደብተሩን ያዙ

የማይክሮሶፍቱን ስርቆት ቀድሞ የነቃው በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። የነቃው ማን የትኛውን ኢሜይል እንደከፈተ የሚያሳየውን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ከፍ ያለ ክፍያ ከፍሎ ይይዝ ስለነበር ነው። ርካሹን ጥቅል የያዙት ማየት የሚችሉበት መዝገብ አልነበራቸውም። ከወቀሳው በኋላ ማይክሮሶፍት ሎጉን ለሌሎችም ከፈተ፤ የሚቆይበትንም ጊዜ ከ90 ወደ 180 ቀን አሳደገ። አከራዩ ራሱ ሲሰረቅ ተከራዩ በእጁ ያለው ይህ መዝገብ ብቻ ነው፤ የሚጠቅመው ግን አስቀድሞ ሲበራ ነው።

አማዞን ላይ «ክላውድትሬል» ያለ ክፍያ የ90 ቀን የአስተዳደር ሥራዎችን ያሳያል። ባኬት ውስጥ ያለ ፋይል ማን እንዳነበበ ግን አያሳይም። ስለዚህ አንድ «ትሬል» ፍጠሩ፣ ሁሉንም ሪጅን (የአማዞን ማዕከል ያለበትን አካባቢ) እንዲያካትት አድርጉ፤ ለፓስፖርቱ ባኬት ብቻ የ«ዳታ» ክስተቶችን አብሩ። ዋጋው ለ100,000 ክስተት 10 ሳንቲም የአሜሪካ ነው፣ ለሎጅ ከሻይ ዋጋ አያልፍም። ሎጉ የሚጻፍበት ባኬት በሌላ አካውንት ይሁን፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያጠፋው ዱካውን ነው።

በየሳምንቱ ሰኞ 15 ደቂቃ ስጡትና አምስት ነገር ፈልጉ፦ በዋናው አካውንት መግባት፣ አዲስ ተጠቃሚ መፈጠር፣ አዲስ ቁልፍ መፈጠር፣ የባኬት ፈቃድ መቀየር፣ ሎግ ማቆም። ሰዓቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ። ሎጉ የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ወደ ሐበሻ ሰዓት ለመቀየር 3 መቀነስ ይበቃል። 06:00 የሚለው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። 19:40 ሲቀነስ 16:40፣ 12 ሲወጣለት ምሽት 4:40 ይሆናል። 01:10 ካላችሁ 12 ደምሩና 3 ቀንሱ፣ ሌሊት 10:10 ነው። የሎጉ ቀን የሚቀየረው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መሆኑንም አስቡ፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ተረኛውን ባልሠራበት ሌሊት ይጠይቀዋል።

የወጪ ማስጠንቀቂያም እዚሁ አብሩ፦ ከወትሮው ክፍያ 50፣ 80 እና 100 በመቶ ሲደርስ መልእክት ይምጣ። የተሰረቀ ቁልፍ በአብዛኛው የሚውለው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ለማምረት ነው፤ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን 80 በመቶ ከደረሰ ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

ደረጃ 5፦ ክላውዱ የማይደርስበት ቅጂ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የአከራዩን ስሕተት አያቆምም። የሚያተርፈው ቅጂ ነው፤ ቅጂው ደግሞ በዚያው የመቆጣጠሪያ ገጽ የሚሰረዝ ከሆነ ቅጂ አይባልም። በሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ኮድ ስፔስስ የተባለ ድርጅት የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጹ ተይዞበት ገንዘብ ተጠየቀ፤ ሊያስመልስ ሲሞክር ሌባው ዋናውንም ባክአፑንም አብሮ ሰረዘ። በ12 ሰዓት ውስጥ አለቀ፣ ድርጅቱም ተዘጋ።

የሚያስፈልገው፦ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር፣ ባለ 2 ቴራባይት ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ዩ.ፒ.ኤስ፣ አርክሎን (rclone፣ ከክላውድ ፋይል የሚቀዳ) እና ሬስቲክ (restic፣ የየቀኑን ቅጂ ለየብቻ የሚያስቀምጥ) የተባሉ ነፃ ፕሮግራሞች።

ለዚህ ኮምፒውተር ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተጠቃሚ ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ከክላውዱ ይስባል እንጂ ሰርቨሩ ወደ ቢሮው አይልክም፤ እንዲህ ሲሆን ሰርቨሩን የያዘ ሌባ ወደ ቢሮው የሚወስድ ቁልፍ አያገኝም። ሰርቨሩ በየሌሊቱ የዳታቤዙን ግልባጭ አውጥቶ ባኬት ውስጥ ያስቀምጥ። እየሠራ ያለ ዳታቤዝ ፋይሉን እንዳለ መቅዳት አይሆንም፣ ስትመልሱት ላይነበብ ይችላል።

በአርክሎን ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱ፣ ከዚያ በሬስቲክ ወደ ኤክስተርናል ዲስኩ። በአርክሎን «ሲንክ» የሚለውን ትእዛዝ አትጠቀሙ፤ ክላውዱ ላይ የተሰረዘውን እናንተም ጋ ይሰርዛል። «ኮፒ» በሉት። ኮፒም ቢሆን የተበላሸን ፋይል በደህናው ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ ሬስቲክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ የትናንቱንና ያለፈውን ወር ለየብቻ ያስቀምጣል። 7 የቀን፣ 4 የሳምንት፣ 12 የወር ቅጂ እንዲይዝ አድርጉ። የሬስቲኩን ፓስወርድ በወረቀት ጻፉና ካዝና ውስጥ አስገቡ፤ ከጠፋ የሠራው ሰው እንኳ አይከፍተውም። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ የተቀመጠው አይበላሽም፤ «ተቆልፏል» ካለ የመክፈቻ ትእዛዙን ሰጥታችሁ ድጋሚ አስነሱት።

የመጀመሪያው ቅጂ ትዕግሥት ይጠይቃል። 200 ጊጋባይት በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር 44 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በ4 ሜጋቢት ከአራት ቀን ተኩል ያልፋል። ከዚያ በኋላ በቀን 1 ጊጋባይት ቢጨመር በ10 ሜጋቢቱ መስመር ሩብ ሰዓት አይሞላም። አማዞን በወር 100 ጊጋባይት በነፃ ያስወጣል፤ ከዚያ በላይ ሰርቨሩ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ከሆነ በጊጋባይት 9 ሳንቲም ገደማ ያስከፍላል፣ ኬፕታውን ከዚያ ይወደዳል። ሳይከፍሉ መጨረስ የሚፈልጉ ግማሹን በወሩ መጨረሻ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ያውርዱ።

ሁለቱን ዲስኮች በየሳምንቱ አቀያይሩ። ያልተሰካው ከቢሮው ውጭ ይደር፤ ቢሮው ሐይቁ ዳር ከሆነ አባይ ማዶ ያለ የባለቤቱ ቤት ጥሩ ነው። ሁለቱም ተሰክተው ከዋሉ አንድ የክረምት መብረቅ ወይም አንድ ቫይረስ ሁለቱንም ይወስዳል።

ክላውዱ ላይም ቅጂ ማቆየት ከፈለጋችሁ የባኬቱን «ቨርዥኒንግ» (የፋይሉን የቀድሞ ቅጂዎች የሚያቆይ) እና «ኦብጀክት ሎክ» (እንዳይሰረዙ የሚቆልፍ) አብሩ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የታወቀው የኮድፊንገር ጥቃት በተሰረቀ ቁልፍ ገብቶ ፋይሎቹን አማዞን በማያስቀምጠው የራሱ የምሥጢር ቁልፍ እየቆለፈ በሰባት ቀን ውስጥ እንዲሰረዙ ያዝዝ ነበር፤ የቆየው ቨርዥን በሎክ ከተያዘ ግን ሌባው ሊያጠፋው አይችልም። «ኮምፕላያንስ» የሚለውን ዓይነት ከመምረጣችሁ በፊት አስቡ፦ ዋናው አካውንት እንኳ ጊዜው ሳይደርስ መሰረዝ አይችልም፣ ኪራዩም እስከዚያ ይቆጥራል። በ30 ቀን ጀምሩ።

ደረጃ 6፦ መልሱና እዩት

በየሦስት ወሩ ከዲስኩ 20 ፋይል በዘፈቀደ አውጡና ክፈቷቸው። ዳታቤዙን ሌላ ላፕቶፕ ላይ መልሱና የአንድ ሳምንት ምዝገባ ከእንግዳ መቀበያው ደብተር ጋር አመሳክሩ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ ዲስኩ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ በአደጋው ቀን ባለቤቱ የሚጠይቀው «መቼ ይመለሳል?» ብቻ ነው።

የክላውዱ ማዕከል ወይም ኢንተርኔቱ ራሱ የሚቋረጥበትም ጊዜ አለ። በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ፣ በጥቅምት 2025 ደግሞ በአድራሻ ሲስተም ብልሽት የአማዞን የሰሜን ቨርጂኒያ ማዕከል ተስተጓጉሎ ብዙ ድረ ገጽ አብሮ ወደቀ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክላውዱ ደህና ሆኖ የማይደረስበት ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየምሽቱ የቀጣዩን ሳምንት ምዝገባ አንድ ገጽ አትሙ።

የአደጋው ዕለት

ሰርቨሩን አታጥፉ፣ አትሰርዙም። የሰርቨሩን ዲስክ «ስናፕሾት» (የዚያን ቅጽበት ሙሉ ቅጂ) አንሡ፣ ከዚያ የመግቢያ ደንቡን ዘግታችሁ ከኢንተርኔት ነጥሉት። ቁልፎቹን አቦዝኑ። ግን ቁልፍ ማቦዘን ቀድሞ የተሰጠን ጊዜያዊ ቁልፍ አይገድልም፤ በየ«ሮሉ» ላይ «የቆዩ ሴሽኖችን ሻር» የሚለውን ለየብቻ ተጫኑ። ይህን የዘለለ ሰው በሩን ዘግቶ ሌባውን ከውስጥ ያሳድራል።

ከዚያ የማታውቁት ተጠቃሚ፣ ሮል ወይም ቁልፍ ተፈጥሮ እንደሆነ እዩ። ሁሉንም ሪጅን አንድ በአንድ ክፈቱ፤ ክሪፕቶ የሚያመርቱ ማሽኖች የሚቀመጡት እናንተ ገብታችሁ በማታውቁት ሪጅን ነው። ለአማዞን የእርዳታ ጥያቄ በዚያው ዕለት አስገቡ፣ የክፍያ ይቅርታ ስትጠይቁ የጥያቄው ቀን ይታያል። ከቢሮው ውጭ ያደረውን ኤክስተርናል ዲስክ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ አትሰኩ፤ ኮምፒውተሩ ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥ የመጨረሻውን ቅጂ ማጋለጥ ነው።

የእንግዶች መረጃ ወጥቶ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይዛችሁ ከጠበቃችሁ ጋር ተቀመጡ። ለእንግዶቹ ስትጽፉ ምን እንደወጣ በስም ጥሩ፦ የፓስፖርት ቁጥር፣ ስልክ፣ የመጡበት ቀን። «አንዳንድ መረጃዎች» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ምን መጠበቅ እንዳለበት አያውቅም።

አዲሱን ሰርቨር ከባዶ ሥሩ፤ የተወረረውን አጽድቶ መጠቀም አይመከርም። ስናፕሾቱን ምርመራው እስኪያልቅ አቆዩት፣ ስሙ ላይ ቀኑን ጻፉበት፤ ያልተጻፈበትን ከስድስት ወር በኋላ የሚያገኝ ሰው ደህና ባክአፕ መስሎት መልሶ ያስነሳዋል።